ሹመት እንጂ ሽረት የሌለው ወንበር፦ የኦክስፎርድና የካምብሪጅ ኮሌጅ ኃላፊዎች ታሪክ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1734 የኢሊ ጳጳስ ቶማስ ግሪን በካምብሪጁ ትሪኒቲ ኮሌጅ ኃላፊ በሪቻርድ ቤንትሊ ላይ የሽረት ፍርድ ሰጠ። ክሱ ብዙ ነበር። ዋናዎቹ ግን የኮሌጁን ገንዘብ ለመኖሪያ ቤቱ ማሳደሻ አባክኗል፣ የመተዳደሪያ ደንቡንም ጥሷል የሚሉት ነበሩ። ፍርዱ ወንበሩን እንዲለቅ አዘዘ። የኮሌጁ ደንብ ግን እንዲህ ያለውን ፍርድ የሚያስፈጽመው ምክትል ኃላፊው ነው ይላል። በጊዜው ምክትል የነበረው ሰው ዛሬ ነገ ሲል ቆይቶ ሥራውን ለቀቀ፤ የተተካው ሪቻርድ ዎከር ደግሞ የቤንትሊ የልብ ወዳጅ ነበረ። ዎከር አላስፈጽምም አለ። በፍርድ ቤት ለማስገደድ የተደረገው ሙከራ ሁሉ ከሸፈ፤ ጳጳሱም በ1738 ሞተ። በሕግ የተሻረው ቤንትሊ ባሳደሰው ቤት ተቀምጦ፣ በቀድሞው ማዕረጉ እየተጠራ፣ በ1742 በሰማንያ ዓመቱ ዐረፈ።

ታሪኩ እንደ ቀልድ ሊነገር ይችላል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ቀልድ አይደለም። ራሱን በራሱ የሚያስተዳድር የምሁራን ማኅበር መሪውን እንዴት ይሾማል? ከሾመስ በኋላ እንዴት ይሽራል? ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ለመጀመሪያው ጥያቄ ባለፉት ሰባት መቶ ዓመታት ብዙ ዓይነት መልስ ሰጥተዋል። ለሁለተኛው ያገኙት መልስ ግን ዘግይቶ የመጣና እጅግ ውድ የሆነ ነው። ኃላፊዎቹ እስከ ዛሬ የሚጠሩባቸው የተዥጎረጎሩ ማዕረጎችም የዚሁ ታሪክ ቅሪት ናቸው።

በቅድሚያ ቃሉን ማጥራት ያስፈልጋል። ኮሌጅ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች አንድን የትምህርት ዘርፍ የሚመራ ክፍል ማለት ነው፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ኮሌጅ፣ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ እንደሚባለው። ዲኑም የዩኒቨርሲቲው ሠራተኛ ነው። በኦክስፎርድና በካምብሪጅ ግን ኮሌጅ የራሱ ቻርተር፣ የራሱ ርስት፣ የራሱ ጸሎት ቤትና የራሱ የምግብ አዳራሽ ያለው፣ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ማኅበር ነው። አባላቱ ፌሎው የሚባሉት ምሁራን ናቸው፤ ሀብቱን የሚያስተዳድሩትም እነርሱና ኃላፊያቸው በጋራ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው ይፈትናል፣ ዲግሪ ይሰጣል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪውን የሚመርጠው፣ የሚያሳድረውና በቅርብ ተከታትሎ የሚያስተምረው ግን ኮሌጁ ነው። ካምብሪጅ 31 ኮሌጆች አሉት፤ ኦክስፎርድ የሃይማኖት ማኅበራት የመሠረቷቸውን ጥቂት አዳራሾች ጨምሮ ከ40 በላይ።

የእነዚህ ቤቶች አለቆች አንድ የወል ማዕረግ የላቸውም። በኦክስፎርድ የቤይሊዮል ኃላፊ ማስተር ነው፤ የመርተን ዋርደን፣ የኦሪየል ፕሮቮስት፣ የኤክሰተር ሬክተር፣ የትሪኒቲ ፕሬዚዳንት፣ የብሬዝኖዝ ፕሪንሲፓል፣ የክራይስት ቸርች ዲን ይባላል። ብላክፍራያርስ የተባለው የዶሚኒካውያን ቤት አለቃ ደግሞ ሪጀንት ነው። በካምብሪጅ አብዛኞቹ ማስተር ሲሆኑ፣ ኪንግስ ፕሮቮስት፣ ኩዊንስ ፕሬዚዳንት፣ ኒውናም ፕሪንሲፓል፣ ሮቢንሰን ዋርደን፣ ገርተን ሚስትረስ አላቸው። ይህም አልበቃ ብሎ በአንዳንድ የካምብሪጅ ኮሌጆች ፕሬዚዳንት የሚባለው ዋናው ሳይሆን ምክትሉ ነው። ዲንም ከክራይስት ቸርች በስተቀር በኦክስፎርድ ኮሌጆች ዘንድ የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተል ፌሎው እንጂ የቤቱ አለቃ አይደለም። የኢትዮጵያ ቤተ ክህነትን ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ይህ ዝንጉርጉርነት እንግዳ አይሆንበትም። የአክሱም ጽዮኑ ንቡረ እድ፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ፣ የሐይቅ እስጢፋኖሱ ዐቃቤ ሰዓት ሲባል ስሙ ብቻውን የቤቱን ጥንታዊነትና ለቤተ መንግሥት ያለውን ቅርበት ይናገር ነበር። የእንግሊዞቹም ማዕረጎች እንዲሁ ከመሥራቾቹ ዘመንና ሐሳብ የተቀዱ ናቸው።

ዋልተር ደ መርተን የእንግሊዝ ቻንስለር የነበረ ባለጸጋ ካህን ነው። በ1264 ባወጣው፣ በ1274 ባሻሻለው ደንብ ያቋቋመው ማኅበር የኋለኞቹ ኮሌጆች አርአያ ሆነ። የኃላፊው የላቲን ስም ኩስቶስ ነው፤ ጠባቂ ማለት ነው፤ ዋርደን የሚለውም የዚሁ ትርጉም ነው። የሚጠበቀው በቅድሚያ ነፍስ ወይም እውቀት ሳይሆን መሬት ነበር። መርተን ለወጣት ምሁራን መኖሪያ ብሎ ርስት ሰጥቷል፤ ርስቱ በገበሬና በጎረቤት ባላባት እጅ እንዳይቀር የሚዞርለት፣ ግብር የሚሰበስብለትና ሒሳብ የሚይዝለት ሰው ያስፈልገው ነበር። አመራረጡም ከውስጥም ከውጭም የተጋመደ ነው። የኮሌጁ አንጋፎች ሦስት ስም ያቀርባሉ፤ ከሦስቱ አንዱን የሚመርጠው ግን የቤቱ የበላይ ተመልካች ነው። የበላይ ተመልካች ከኮሌጁ ውጭ ያለ፣ ብዙውን ጊዜ ጳጳስ የሆነ፣ ደንቡ አከራካሪ ሲሆን ወይም ሲጣስ የመጨረሻውን ዳኝነት የሚሰጥ ሰው ነው። ይህ ሰው ኋላ ላይ ተደጋግሞ ይመጣል።

ቤይሊዮል በሌላ መንገድ ሄደ። የመሥራቹ ሚስት ዴርቮርጊላ በ1282 የሰጠቻቸው ደንብ ተማሪ ምሁራኑ ከመካከላቸው አንዱን ፕሪንሲፓል ብለው እንዲመርጡ ፈቀደላቸው፤ ማስተር የሚለው ማዕረግ የመጣው ቆይቶ ነው። በ1314 በተመሠረተው ኤክሰተር ደግሞ ሬክተሩ በየዓመቱ የሚመረጥ ነበር። ሥራው ገንዘብ መያዝ ስለ ነበር ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳቡን አስረክቦ ከጓደኞቹ መካከል ተመልሶ ይቀመጣል። ይህ ሥርዓት ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በ1566 ሰር ዊልያም ፒተር ለኮሌጁ ሀብት ጨምሮ ደንቡን ሲያድስ የሬክተሩን ሹመት የዕድሜ ልክ አደረገው። ለውጡ የቀረው ታሪክ ቁልፍ ነው። በየዓመቱ የሚመረጥ ሰው የሽረት ሕግ አያስፈልገውም፤ ዓመቱ ራሱ ይሽረዋል። ኃላፊነቱ የዕድሜ ልክ ከሆነ ግን ከሞት በስተቀር የሚገላግል መንገድ መኖር አለበት። የቱዶር ዘመን ደንብ አውጪዎች ስለ ምርጫው ሥርዓት ዝርዝር ሲጽፉ፣ ስለ ሽረቱ የጻፉት ጥቂትና ለመፈጸም አስቸጋሪ ነበር።

ለምን የዕድሜ ልክ አደረጉት? መልሱ ከኮሌጆቹ በር ውጭ ነው። ከሃይማኖት ተሐድሶው በኋላ የእንግሊዝ ዘውድ ካህናትን የሚያሠለጥኑትን ሁለቱን ዩኒቨርሲቲዎች በእጁ ማድረግ ፈለገ። ወጣትና ተቀያያሪ የሆኑ ፌሎዎችን አንድ በአንድ ከመከታተል፣ ለጥቂት ጸንተው ለሚቀመጡ አለቆች ሥልጣን ሰጥቶ በእነርሱ በኩል መግዛት ቀላል ነበር። በ1570 ለካምብሪጅ የወጣው የንግሥት ኤልሳቤጥ ደንብ ለምክትል ቻንስለርነት የሚወዳደሩትን ሁለት ሰዎች የማቅረብ መብትን ለኮሌጅ ኃላፊዎች ሰጠ። የደንቡ ዋና ቀያሽ ጆን ዊትጊፍት ራሱ የትሪኒቲ ማስተር ነበር፤ በዚያው ዓመት የቤተ ክርስቲያኗን የጳጳሳት ሥርዓት በትምህርቱ የነቀፈው ቶማስ ካርትራይት ከፕሮፌሰርነቱ ተነሣ። በኦክስፎርድም በ1630ዎቹ ሊቀ ጳጳስ ዊልያም ላውድ የኮሌጅ ኃላፊዎች በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ የዩኒቨርሲቲውን ጉዳይ የሚወስኑበትን ቦርድ አቋቋመ። ያ ቦርድ ኦክስፎርድን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ገዛ።

መሣሪያው ግን ለያዘው ሁሉ እኩል አልታዘዘም። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ቀዳማዊ ቻርልስ ለፓርላማው ያደረውን የመርተን ዋርደን ናትናኤል ብረንትን አስነሥቶ በ1645 የራሱን ሐኪም ዊልያም ሃርቪን አስመረጠ፤ የደምን ዝውውር ያረጋገጠው ሃርቪ ነው። ንጉሡ በተሸነፈ ማግስት ብረንት ተመለሰ፤ ሃርቪም ሄደ። የማዕረጎቹ ልዩነት ምን ያህል ቁም ነገር እንዳለው ከሁሉ ይልቅ የገለጠው ግን በ1684 እና በ1687 በኦክስፎርድ የሆነው ነው።

ክራይስት ቸርችን በ1546 በአሁኑ መልኩ ያቋቋመው ሄንሪ ስምንተኛ ነው። ቤቱ ኮሌጅም ካቴድራልም ስለሆነ አለቃው የካቴድራል ዲን ነው፤ ዲኑን የሚሾመው ደግሞ ዘውዱ ነው። ፌሎዎቹ፣ በዚያ ቤት ተማሪ እየተባሉ የሚጠሩት፣ በሹመቱ ላይ ድምፅ አልነበራቸውም። ፈላስፋው ጆን ሎክ ከእነዚህ አንዱ ነበር። በ1684 የንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ መንግሥት ሎክን ከተቃዋሚዎች ጋር በማበሩ ጠርጥሮ ስለ እርሱ ሲጠይቅ፣ ዲኑ ጆን ፌል ለዓመታት ቢከታተለውም ነቀፋ የሚሆን ቃል ከአፉ እንዳልሰማ መለሰ። መንግሥቱ ግን መልሱን አልፈለገውም፤ የሚፈልገው ስንብት ነበር። የንጉሡ ትእዛዝ ሲመጣ ፌል ፈጸመው፤ ሎክ ያለ ክርክር ከቤቱ ተሰረዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዳግማዊ ጄምስ ካቶሊኩን ጆን ማሲን የክራይስት ቸርች ዲን አድርጎ ሲሾም እንዲሁ የከለከለው የለም። የሹመቱ ደብዳቤ ከቤተ መንግሥት እስከመጣ ድረስ የሚከለክልበት ሕጋዊ ቦታም አልነበረም።

ጥቂት መቶ ሜትሮች ርቆ ያለው ኮሌጅ የመግደላዊት ማርያምን ስም ይዞ ሞድሊን ይባላል። እዚያ ኃላፊው ፕሬዚዳንት ነው፤ የሚመርጡትም ፌሎዎቹ ናቸው። በማርች 1687 ፕሬዚዳንቱ ሲሞት ጄምስ፣ ክራይስት ቸርች ላይ የሠራው እዚህም ይሠራል ብሎ አስቦ አንቶኒ ፋርመር የተባለ ሰው እንዲመረጥ አዘዘ። ፋርመር ሥነ ምግባሩ የተጠላ ሰው ነበር፤ ከዚያ በላይ ግን ደንቡ ፕሬዚዳንት የሚሆነው ከሞድሊን ወይም ከኒው ኮሌጅ ፌሎዎች መካከል ነው ሲል፣ እርሱ ከሁለቱም አልነበረም። ፌሎዎቹ ተማጽኗቸው ሰሚ ሲያጣ በኤፕሪል 15 ተሰብስበው ከመካከላቸው ጆን ሃፍን መረጡ። የንጉሡ የቤተ ክርስቲያን ጉዳዮች ኮሚሽን ምርጫውን ሰረዘ። ፋርመር ጉድለቱ ሲጋለጥ ተተወ፤ በምትኩ የኦክስፎርድ ጳጳስ ሳሙኤል ፓርከር እንዲሾም ታዘዘ። ፌሎዎቹ የመለሱት አጭር ነው፦ ወንበሩ ክፍት አይደለም፤ በሕግ የተመረጠ ሰው ተቀምጦበታል።

በሴፕቴምበር ንጉሡ ራሱ ኦክስፎርድ ገባ። ፌሎዎቹን ወደ ክራይስት ቸርች አስጠርቶ በቁጣ ገሠጻቸው፤ ተንበርክከው ያቀረቡትን አቤቱታም አልተቀበለም። በጥቅምት የመጡት መልእክተኞች ሃፍ ቁልፉን አላስረክብም ቢላቸው የፕሬዚዳንቱን ቤት በር ሰብረው ፓርከርን በወኪሉ በኩል ሾሙት። ለመገዛት እምቢ ያሉ 25 ፌሎዎችም ተባረሩ። እዚህ ላይ ማስተዋል የሚገባው፣ እነዚህ ሰዎች ዐመፀኞች አለመሆናቸው ነው። አብዛኞቹ ለንጉሥ መታዘዝ የሃይማኖት ግዴታ ነው ብለው የሚያስተምሩ ካህናት ነበሩ። ሲመረጡ ግን ደንቡን ሊጠብቁ ምለዋል፤ ደንቡም የፕሬዚዳንቱን ምርጫ የእነርሱ አድርጎታል። ለመሐላቸው እንጂ ለነፃነት ሲሉ አልተነሡም፤ ይህም ለንጉሡ ይበልጥ አስቸጋሪ አደረጋቸው። ጄምስ በአንድ ትእዛዝ ከጎኑ ሊቆሙ የሚገባቸውን ሰዎች ከዘውዱ አራቀ። በ1688 መጸው የኦራንጁ ዊልያም መርከቦች ለጉዞ ሲዘጋጁ ንጉሡ ተጣድፎ ውሳኔውን ሻረ። በጥቅምት 25 የሞድሊን የበላይ ተመልካች የሆነው የዊንቸስተር ጳጳስ ፒተር ሚውስ ሃፍንና ፌሎዎቹን መልሶ አስገባቸው። ኮሌጁ ቀኑን እስከ ዛሬ በየዓመቱ በእራት ግብዣ ያከብረዋል።

ሞድሊን የመረጡትን የማጽናት መብት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው አሳየ። ቤንትሊ ደግሞ የዚያኑ መብት ሌላ ገጽ አሳየ፤ ከውጭ ኃይል የሚከላከለው አጥር ከውስጥ ሲታይ ወኅኒ ሊሆን ይችላል። ትሪኒቲም እንደ ክራይስት ቸርች የሄንሪ ስምንተኛ ተቋም ስለሆነ ማስተሩን ዘውዱ ነው የሚሾመው። ቤንትሊ በ1700 ሲሾም የዘመኑ ታላቅ የግሪክና የላቲን ሊቅ ነበር። ለኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ሠራ፣ በኮሌጁ በር ላይ የሥነ ፈለክ መመልከቻ አቆመ፣ የኒውተን ዋና መጽሐፍ በ1713 ዳግመኛ እንዲታተም አደረገ፤ ለቦታ የሚወዳደሩትንም በፈተና መለካት ጀመረ። ፌሎዎቹን ግን ሥራ ፈት እያለ ናቃቸው፣ የገቢ ክፍፍላቸውን ያለ ፈቃዳቸው ለወጠ፣ ለቤቱ የሠራውን ትልቅ ደረጃ ወጪ በእነርሱ ላይ ጣለ። ከ1710 ጀምሮ ተከሰሰ። በመጀመሪያው ክስ የዳኘው የኢሊ ጳጳስ በ1714 ፍርዱን ሳያነብ ሞተ። ዩኒቨርሲቲው በ1718 ዲግሪዎቹን ገፈፈው፤ ፍርድ ቤት በ1724 አስመለሰለት። ሁለተኛው ክስ በመግቢያው እንደተነገረው ተፈረደና ሳይፈጸም ቀረ። ሰላሳ ዓመት የፈጀ ሙግት፣ የአንድ ትልቅ ኮሌጅ ገንዘብና ጉልበት በልቶ፣ ያለ ውጤት አበቃ። ቤንትሊን የጠበቀው ንጉሥ አልነበረም፤ ፍርዱን ለማስፈጸም አንድ ሰው ብቻ የጠቀሰ፣ ያ ሰው እምቢ ቢል ምን እንደሚደረግ ያልተናገረ አንቀጽ ነው።

ከቤንትሊ በኋላ ያለው መቶ ዓመት በአብዛኛው እንቅልፍ ነው። ፌሎዎች ሚስት ሲያገቡ ቦታቸውን መልቀቅ ግዴታቸው ነበር፤ ኃላፊዎች ግን ከተሐድሶው በኋላ በጊዜ ሂደት እንዲያገቡ ተፈቀደላቸው። ስለዚህ በግቢው ውስጥ ቤተሰብ ያለው አንድ ቤት የአለቃው ብቻ ሆነ። ፌሎዎቹ የገጠር ደብር እስኪያገኙና እስኪያገቡ ድረስ ይቆዩና ይሄዳሉ፤ አለቃው እስከ ሞት ይኖራል። የዚህ ሥርዓት ፍጹም አምሳል በዚያው በሞድሊን በ1791 ፕሬዚዳንት የሆነው ማርቲን ራውዝ ነው። ለ63 ዓመታት ተቀመጠ፤ በታኅሣሥ 1854 በ99 ዓመቱ ሲሞት ሌላው ሰው ከተወው ብዙ ዘመን የሆነውን ሰው ሠራሽ ጸጉር ገና ያደርግ ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የኃላፊዎቹን ሳምንታዊ ቦርድ አፍርሶ በተመራጭ ምክር ቤት ተካው። በካምብሪጅም በ1856 ተመሳሳይ ሕግ ወጣ። በ1871 የሃይማኖት ፈተና ተነሣ፤ የፌሎዎች የጋብቻ እገዳም በምዕተ ዓመቱ ማብቂያ ተሻረ። ካገቡና ሥራቸው የዕድሜ ልክ ሙያ ከሆነ በኋላ ፌሎዎቹ ከአለቃው እኩል ጸንተው የሚቀመጡ ሆኑ። የኮሌጁ ሥልጣን ከመኖሪያ ቤቱ ወደ ስብሰባው አዳራሽ የተሻገረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ፓርላማው ሕግ ብዙ ሲጽፉ ስለ ጋብቻው ግን ያነሰ ይጽፋሉ።

ሥልጣኑ ሲቀንስ ምርጫው ይበልጥ ተጋጋለ። በቤይሊዮል በ1854 ቤንጃሚን ጃወት በሮበርት ስኮት ተሸነፈ። ስኮት ከሄንሪ ሊደል ጋር የታወቀውን የግሪክኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀ ሰው ነው፤ ሊደል ራሱም በኋላ የክራይስት ቸርች ዲን ሆነ። ጃወት አሥራ ስድስት ዓመት ጠብቆ ስኮት የሮቸስተር ዲን ተብሎ ሲሄድ በ1870 ማስተር ሆነ፤ እስከ 1893 ኮሌጁን የሕንድ አስተዳዳሪዎችና የሚኒስትሮች መፍለቂያ አደረገው። በደንብ የተሰጠው ሥልጣን ከቤንትሊ እጅግ ያነሰ ነበር፤ የሠራው በማሳመን፣ በእራት ግብዣና ተማሪን በስሙ በማወቅ ነው። ሲ. ፒ. ስኖው በ1951 ያሳተመው «ዘ ማስተርስ» የተባለው ልቦለድም በአሥራ ሦስት መራጮች መካከል ስላለ የአንድ ማስተር ምርጫ ብቻ የሚተርክ ነው። ሥልጣን ለሌለው ወንበር ያን ያህል መሟገት ምን ማለት ነው ለሚል ጥያቄ የተሻለ መልስ አልተጻፈም።

የሴቶች ኮሌጆች ሲመጡ የማዕረግ ጉዳይ አዲስ ትርጉም አገኘ። በ1869 የተጀመረው ገርተን ለመሪዋ የማስተርን አንስታይ ስም ወስዶ ሚስትረስ አላት፤ ከወንዶቹ ኮሌጆች እኩል ነኝ የሚል ጥያቄ በስሙ ውስጥ ነበር። ኒውናምና የኦክስፎርድ የመጀመሪያዎቹ የሴቶች ቤቶች ግን ትሑቱን ፕሪንሲፓል መረጡ። የገርተን ሙሉ የዩኒቨርሲቲ አባልነት እስከ 1948 ስላልተፈቀደ፣ ስሙ ከመብቱ ሰማንያ ዓመት ያህል ቀድሞ ነበር። በኦክስፎርድ ቀድሞ የወንዶች ብቻ የነበረን ኮሌጅ የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ማሪሊን በትለር ናት፤ በ1993 የኤክሰተር ሬክተር ሆነች። ዛሬ ሴት ኃላፊ ማስተር ስትባል የሚገርመው የለም። ሶኒታ አሌይን በ2019 የካምብሪጁ ጂሰስ ኮሌጅ ማስተር ሆኑ፤ በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ኃላፊ ሳሉ የአፍሪካ ቀንድ በቅርብ የሚያውቃቸው ቫለሪ አሞስም በ2020 የኦክስፎርዱ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተር ተብለው፣ የኦክስፎርድ ኮሌጅን በመምራት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆኑ።

በአሜሪካ ግን ያው ቃል ሌላ ዕጣ ደረሰው። ሃርቫርድና የል በ1930ዎቹ መጀመሪያ ከኤድዋርድ ሃርክነስ ባገኙት ስጦታ የእንግሊዞቹን አምሳል ተከትለው የተማሪ መኖሪያ ቤቶችን ሲያቋቁሙ ማስተር የሚለውንም ስም አብረው ወሰዱ። በላቲን መምህር ማለት የነበረው ቃል በአሜሪካ ምድር የባሪያ ጌታ ማለትም ነው። ተማሪዎች በተቃወሙ ጊዜ ፕሪንስተን በ2015፣ ሃርቫርድና የል በ2016 ስሙን ለወጡ፤ የልና ፕሪንስተን የኮሌጅ ኃላፊ፣ ሃርቫርድ የፋኩልቲ ዲን አሉት። ለውጡ በወራት ውስጥ ሊጠናቀቅ የቻለው ማዕረጉ በምንም ቻርተር ስላልተጻፈ ነው። የአሜሪካው ቤት ርስት የለውም፣ የሚመርጥ ማኅበር የለውም፤ አለቃውን የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ለተወሰነ ዘመን ይሾመዋል። ያ ምን ማለት እንደሆነ በ2019 ታየ። የሕግ ፕሮፌሰሩ ሮናልድ ሱሊቫን የሃርቪ ዋይንስታይን ጠበቃ ለመሆን መስማማታቸው ተማሪዎችን ካስቆጣ በኋላ፣ ሃርቫርድ የእርሳቸውንና የባለቤታቸውን የዊንትሮፕ ቤት ኃላፊነት እንደማያድስ አስታወቀ። ሁለቱ በሃርቫርድ የዚህ ዓይነት ቤት የመሩ የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች ነበሩ። ውሳኔው ትክክል ነበር ለሚሉትም፣ አልነበረም ለሚሉትም አንድ ነገር ግልጽ ነው፦ ለትሪኒቲ ሰላሳ ዓመት ያልበቃውን ሃርቫርድ በጥቂት ወራት ጨረሰው። የጠየቀ ዳኛ፣ የተሰበረ በር፣ የተነበበ ደንብ አልነበረም።

የእንግሊዝ ኮሌጅ ኃላፊ በበኩሉ ዛሬ ለተወሰነ ዘመን የሚመረጥ የጉባኤ ሰብሳቢ ነው። ከፖለቲካ፣ ከጋዜጠኝነትና ከመንግሥት ሥራ የሚመጡ ጥቂት አይደሉም፤ አንዱ ዋና ሥራቸውም ከቀድሞ ተማሪዎች ገንዘብ ማሰባሰብ ነው። ለፌሎዎች አለቃ አይደሉም፤ አንድ ድምፅ አላቸው። በካምብሪጅ ምክትል ቻንስለርነቱ እስከ 1992 ድረስ በኮሌጅ ኃላፊዎች መካከል ይዞር ነበር፤ ያም ቀረ። ከ2010 ወዲህ ኮሌጆቹ በበጎ አድራጎት ኮሚሽን ተመዝግበው ስለሚተዳደሩ የፌሎዎቹ ጉባኤ በሕግ የባለአደራዎች ጉባኤ ሆኗል። ይህ ሁሉ የቤንትሊን ዓይነት ሙግት ታሪክ ያደረገው ይመስል ነበር።

ከዚያ በ2018 ክራይስት ቸርች መጣ። ዲኑ ማርቲን ፐርሲ የተሾሙት በ2014 ነው፤ እንደ ሄንሪ ዘመን ሁሉ ኮሌጁንም ካቴድራሉንም ይመሩ ነበር። ከደመወዛቸው ጋር በተያያዘ ከጉባኤው አባላት አቤቱታ ቀረበባቸው። ደንቡ ዲኑን ማንሣት የሚቻለው በልዩ ችሎት ነው ስለሚል ጡረታ የወጡ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ተሰየሙ፤ በ2019 ክሶቹን በሙሉ ውድቅ አደረጉ። ጠቡ ግን ችሎቱ ሲነሣ አልተነሣም። ሌላ አቤቱታ፣ ሌላ ምርመራ፣ ሌላ የጠበቃ ደብዳቤ ተከተለ፤ ወጪው በሚሊዮን ፓውንድ ተቆጠረ። አለቃው የጉባኤው ሰብሳቢ ነው፤ ጉባኤው ደግሞ ከሳሹ ነው፤ ሹመቱ የዘውድ፣ ካቴድራሉ የቤተ ክርስቲያን፣ ገንዘቡ የበጎ አድራጎት ሕግ ነው። አራት ጌቶች ባሉት ቤት አንዱም ብቻውን በሩን መዝጋት አልቻለም። በ2022 ፐርሲ በስምምነት ለቀቁ፤ በዚያው ዓመት የበጎ አድራጎት ኮሚሽኑ ስለ ጉዳዩ አያያዝ ለኮሌጁ ይፋ ማስጠንቀቂያ ሰጠ። የአስተዳደር ሥርዓቱን እንዲመረምሩ የተጠሩት የቀድሞው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዶሚኒክ ግሪቭ ነበሩ።

ታሪክ ተመራማሪዋ ሳራ ፉት በ2023 በዚያው ወንበር ተቀመጡ፤ በቤቱ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ዲን ናቸው። የሾማቸው እንደ ፌል፣ እንደ ማሲና እንደ ሊደል ሁሉ ዘውዱ ነው።